ቀለም፣ ሽታ፣ ጣዕም

ጥቅምት 6
ዛሬ የጠሃራን፣ የንጽሕና ሕግን፣ ምዕራፍ ጀመርሁ። አርባ ዓመት በየዓመቱ እንደማደርገው፣ ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ ያልተለወጠ ውሃ ንጹህ መሆኑን አስተማርሁ፤ ልጆቹም ተቀብለው ደገሙት፤ ከሁሉ በላይ የተሰማው ከፊት የምትቀመጠው የጥበቃው ልጅ ድምፅ ነው። በአዲሱ የትምህርት ሥርዓት ክፍለ ጊዜውን የምትጋራኝ የሳይንስ መምህርት፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ከግቢው ገንዳ አንድ ጠብታ ቀድታ በማይክሮስኮፕ አሳየቻቸው። የሚርመሰመስ ነገር አለ አሉ። እኔ አላየሁም... ምን ያደርግልኛል?

ጥቅምት 9
በስብሰባ ላይ መምህርቷ የገንዳው ውሃ ሳይፈላ እንዳይጠጣ ጠየቀች። ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ሞልቼ ንጹህ ነው አልሁ።
«ኡስታዝ፣ ለሶላት ውዱእስ ንጹህ ነው። እኔ የምለው ለሆድ ነው» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።
«ለሆድ ደግሞ የተለየ ኪታብ ወጣ እንዴ?»
መምህራኑ ከት ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ጥቅምት 25
አምስት ልጆች ከትምህርት ቀሩ። ታይፎይድ ነው አሉ። የጥበቃው ልጅም ተኝታለች።

ጥቅምት 29
ማይክሮስኮፑን እንድታሳየኝ መምህርቷን ለመንኋት። እሷም ያን ቀን ያሳቅሁባትን ሳታነሣ፣ ወንበር ስባ፣ መነጽሬን ተቀብላ፣ ብርሃኑን ለደካማ ዓይኔ አስተካከለችልኝ፤ እኔም ስንት መጽሐፍ ያነበብሁበትን ዓይን ዝቅ አድርጌ፣ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለውን ያን ሁሉ ፍጥረት አየሁ።
ተነሥቼ ወጥቼ የገንዳውን ቧንቧ በእጄ ዘጋሁ። ዘግይቼ...

ኅዳር 2
የጥበቃው ልጅ ዛሬ ጠዋት ሞተች።
አስከሬኗን የምታጥበው ሴት ግቢያችን ውስጥ ካለችው የጥበቃው ቤት በር ብቅ ብላ፣ በገንዳው ውሃ ማጠብ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። በሕጉ ይቻላል። ቀለሙ አልተለወጠ፣ ሽታው አልተለወጠ፣ ጣዕሙም...
«አፍልታችሁ አቀዝቅዙት» አልኋት።
የልጅቷ አባት አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።
«አሁን?» አለኝ።