የአባቴን ፊርማ ሞት ስለማሳወቅ

ለተከበሩ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ እጅዎም ከመንቀጥቀጥ የተጠበቀ ይሁን እያልኩ፣ አንድ ከባድ ዜና በታላቅ ሐዘን አሳውቅዎታለሁ፤ የአባቴ ፊርማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። አባቴ አለ፤ የሞተው ፊርማው ብቻ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አቆራረጡን ያዩ ደንበኞች «ሚሊሜትር» ይሉታል። ፓርኪንሰን የሚሉት የመንቀጥቀጥ በሽታ ከያዘው ዓመታት አልፈዋል። እኔ ትምህርቱን በግማሽ የተወ ልጁ ስለሆንኩ አጻጻፌ ቢወላገድ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ አቤቱታዬ ግን በቁጥር ነው።

፩ኛ. መድኃኒቱ ሲበዛበት ሰውነቱ ሳያዘው ይወዛወዛል፤ ሲያንስበት በር ላይ እንደተቸነከረ ይቆማል። ሐኪሟ ኪኒኑን ከፋፍላ ቶሎ ቶሎ እንዲወስድ አደረገች፤ ኃይሉን የሚያቆይ ሌላም ጨመረችለት። ያቅለሸልሸዋል፣ ወንበር ላይ ያንቀላፋል፤ ግን የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል። በዚህ የእርስዎ እጅ ባይኖርበትም እናመሰግናለን።

፪ኛ. መስኮትዎ መድኃኒት የሚሰጠው ፊርማው ያኔ ሲመዘገብ ካርዱ ላይ ካኖረው ጋር ሲመሳሰል ነው። ካርዱን ሲፈርም የሚንቀጠቀጠው ግራ እጁ ብቻ ነበር። ዛሬ ኪኒኑ ሳይሠራ ሲፈርም ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፤ ሲበዛበት ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛዎ ላይ ይፈርማል። በመካከል ያለችውን ደህና ሰዓት ሰልፍዎ ይበላታል። ስለዚህ ለመፈረም ኪኒን፣ ለኪኒን መፈረም ያስፈልገዋል። ሰፈሩን በተንኮል ያሰለቸሁ እኔ እንኳ ይህን አላሰብኩትም፤ እጅ ነስቻለሁ።

፫ኛ. ማክሰኞ የመስኮቱ ሠራተኛ «አባባ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም» ሲለው፣ አባቴ «ልክ ነህ ልጄ፣ የእኔ እንዲህ አልነበረም» አለው። እናቴ ትፈርም ስንል «ታካሚው ራሱ»፤ ሠራተኛው አጠገብ ባለው የጣት ቀለም በአውራ ጣቱ ያትም ስንል «እሱ መጻፍ ለማይችሉ ነው» ተባልን። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በማግስቱ የቀረችው ኪኒን አልቃ ከአልጋው መነሳት አቃተው፤ እናቴ ስታጎርሰው እኔ የምቀልድበት አጣሁ።

እንግዲህ ሳስበው፣ በሐዘን መግለጫ አካብጄ ጀመርኩት እንጂ ነገሩ ኢምንት ነው። በሽታውን ይንቀሉልን አላልንም፤ ያንን ቀለም አንድ ስንዝር ወደ አባቴ ያስጠጉልን።

የሕግዎ አድናቂ፣ የሰልፍዎ ዘወትር ተሰላፊ፣
የሚሊሜትር ልጅ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በሩና መስኮቱ ላይ የለጠፏቸውን ማስታወቂያዎች ተራ ስጠብቅ አስተያየኋቸው፤ ፊርማዎችዎ አይመሳሰሉም። እርስዎ እርስዎ መሆንዎን ለማስረዳት የፊታችን ማክሰኞ ራስዎ በአካል ይቅረቡ፤ ተራዎ ከአባቴ ቀጥሎ ነው።