ማር መስሎዎ ስለመረጡት የሞተር ዘይት

ለተከበሩ አቶ ኢያቄም
የሚሌኒየሙ የመኪና ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ወንበርዎም ጭምር ደህና ናቸው ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ለሱም ፈጣሪ ይመስገን። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህርት ንጋት ናት። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ ጋሸና ላይ በየምግብ ቤቱ በር ይለጠፍ ያልኩትም እኔ ነኝ። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ፣ ደብዳቤው ሳይደርስዎ ቢቀር ሌላ ሰው አንብቦ እንዲነግርዎ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጸሐፊዎን ልከው ቃለ ጉባኤ አስነብበውኛል። ወረቀቱ ሾፌሩ አባስ የውድድሩን መኪና «ከሚገባው ፍጥነት በላይ በመንዳት» ሞተሯን እንዳበላሸ ይናገራል። ይህንንም እንደ አገር ሽማግሌ በአውራ ጣቴ እንዳጸድቅ ጠይቀውኛል። ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። በእሽቅድምድም ላይ ፈጠነ ተብሎ የሚከሰስ ሰው እስካይ ድረስ ፈጣሪ ዕድሜ መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም። ጣቴን ከመስጠቴ በፊት ግን፣ እርስዎ የረሱት የመሰለኝን ላስታውስዎ።

አንደኛ፣ መኪናይቱ የከረመችው በእኔ ጋጣ ነው። ሰፊ በር ያለው የእኔ ጋጣ ብቻ ስለሆነ በሬዎቼን አስወጥቼ እሷን አስገባሁ። ቀይ ናት፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ያገራችን ልጅ አቶ ምሥጋናው «የትውልድ ቦታዬ በውድድሩ ይጠራ» ብሎ ከአዲስ አበባ ድረስ ያዋሳት ንብረቱ ናት። ሞተሯ ላይ አየር በግድ የሚያጎርሳት ነገር ተጭኖባታል፤ አባስ ሱፐርቻርጀር ይለዋል። እኔ የገባኝ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ነው፤ ወናፍ ያለው እሳት ከሌላው እሳት ይልቅ እንደሚግል አይቻለሁ። ስለዚህ ባለቤቱ ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚሆነውን፣ በውርጭ የማይረጋ፣ ሲግልም አቅም የማያጣ ዘይት በጋሎን አድርጎ አብሮ ላከ። የመኪናይቱ መጽሐፍ ያዘዘው ነው ተብሏል። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር፤ ግን ኮሚቴ ነበረን።

ሁለተኛ፣ የዘይት መረጣው። አመራረጥዎን ያየ ሰው አይረሳውም። የባለቤቱን ቀጭን ዘይት በሁለት ጣትዎ አሻሹት፣ አንጠባጠቡት፣ አሸተቱት፤ ከዚያ «ይሄማ ውኃ ገብቶበታል፤ ሰውየውን አታለውታል» አሉ። ለወፍጮና ለከባድ መኪና የሚሆነውን ወፍራሙን በእንጨት ነክረው ሲያነሱ ግን፣ ከእንጨቱ ላይ እንደ ክር ሲሳብ አይተው ፊትዎ በራ። የማር አገር የብልባላ ሰው ነዎትና ማር መምረጥ ያውቁበታል፤ ማር የምገዛ ቀን እርስዎን ይዤ ብወጣ ደስ ይለኛል። የዚያን ዕለት ግን ገበያ አልወጣንም ነበር።

አባስ በአክብሮት «ጋሼ ኢያቄም፣ ይሄ እኮ አይበላም» አለዎ። «ወፍራሙ ጠዋት ይረጋል። ዘይቱ እላይ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል።» እርስዎም «አንተ መሪህን ያዝ፤ ዘይቱን ለኮሚቴው ተው» አሉት። ወዲያው እጅ ወጣ፤ ወፍራሙ በሙሉ ድምፅ አሸነፈ፤ አባስም «አዲስ አበባ ናፋቂ» ተብሎ በዚያው ቆሞ ተገመገመ። ቀጭኑን ዘይት ከሞተሯም ከጋሎኑም አስቀድተው ከአጥሬ ሥር አስደፉት። ቦታው እስከ ዛሬ ሣር አላበቀለም፤ ለዚህም ውለታዎ አመሰግናለሁ።

እኔ የሞተር ዘይት አዋቂ አይደለሁም። ብቻዬን ብሆን እኔም ወፍራሙን ባነሳሁ። ነገር ግን የሚነዳው ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲለምነኝ እጅ አላስወጣም ነበር።

ሦስተኛ፣ የውድድሩ ጠዋት። ለምርቃት ወስደውኝ ከፊት ነበርኩ። የጋሸናን የጥቅምት ጠዋት እርስዎም ያውቁታል፤ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። አባስ ሞተሩን አስነስቶ «ትንሽ ይሙቅ፣ ዘይቱ ይድረስለት» አለ። እርስዎ የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፍዎ እየደበደቡ «እንግዶቹ በርዷቸዋል፤ ልቀቃት» አሉት። እንግዶቹንስ ጋቢ ደርበንላቸው አስቀምጠናቸው ነበር። ልጁ ለቀቃት። ሁለተኛውን ዳገት ሳትጨርስ ጭስ ለቀቀች፤ እንደታነቀ በሬ አጓርታ ሞተሯ ነክሶ አልዞርም ብሎ ቀረ። በገመድ ታስራ በአይሱዙ ተጎትታ ወደ ከተማ ስትገባ፣ ማርሽ ባንዱ የተነገረው ነገር ስላልነበረ በድል ዜማ ተቀበላት። ዝግጅቱ እንከን አልነበረበትም፤ ዘይቱ ብቻ ነው ያስቸገረው።

አራተኛውና ያስጻፈኝ ይህ ነው። የአባስ መንጃ ፈቃድ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል። ዳገት ቁልቁለቱን በከባድ መኪና ሲመላለስ የኖረ ሰው ዛሬ ጋሸና መጋዘን በር ላይ ጆንያ ይሸከማል። በቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ ጣት ካረፈ ደግሞ ዳግመኛ መሪ አይነካም። ሚስቱ ዘሀራ ቤቴ መጥታ ነበር። አላለቀሰችም። «አያ አረጋ፣ ልለምንዎ አልመጣሁም፤ ያዩትን እርስዎ ያውቁታል» ብላኝ፣ አረፍ በይ ብላትም ሳትቀመጥ ሄደች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት ያፈርኩት ያን ቀን ነው፤ ያሳፈረኝም የእርስዎ ወረቀት እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ መልሴ አጭር ነው፤ ጣቴን አልሰጥም። ያየሁት ሰው ጨዋ ሾፌር ነው፤ ያየሁት ዘይት የእርስዎ ምርጫ ነው። መንጃ ፈቃዱን ነገ ይመልሱለት። ለአቶ ምሥጋናውም የሆነውን ራስዎ ይንገሩት፤ ሌላ ሰው ሲነግረው ነገሩ ይወፍራል፣ እርስዎም ወፍራም ነገር ስለሚወዱ እንዳይደሰቱበት ፈራሁ። አባስን በሽማግሌ ፊት ይቅርታ አስጠይቃለሁ ያሉትን ሰምቻለሁ። ሽማግሌው እኔ ከሆንኩ ማን ማንን እንደሚጠይቅ አስቀድመው ይወቁት። ስለ ኮሚቴው ድካም፣ ስለ ሙሉ ድምፁ፣ ስለ ጣሪያው ድብደባም ጭምር ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ከቃሌ ግን ሳልነሣ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣
አረጋ ሙሉሃብት
ጋሸና

ሳልናገረው የቀረ፣

ጸሐፊዎ ሲወጣ ከበሩ ዞር ብሎ፣ ጣቴን ካልሰጠሁ ስሜ ከሴፍቲኔት የእርዳታ ስንዴ መዝገብ እንደሚሰረዝ በለሆሳስ ነግሮኛል። ለምን በለሆሳስ እንደሆነ አልገባኝም፤ ቤቴ ውስጥ የተኛ ሕፃን አልነበረም። ይሰርዙኝ። ሲሰርዙኝ ግን ከስሜ ጎን ምክንያቱን አጥርተው ይጻፉ፤ «በሐሰት አልመሰክርም ስላለ» ይበሉ። ስንዴው የሚታደል ቀን እመጣና ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ አስነብበዋለሁ።