«ራሴን ነው» ያሉት እናት

ኅዳር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ኮልፌ

ዛሬም ባለቤቴ «በአርባ ዓመትሽ ስፓኒሽ! ኩባ ልትሄጂ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ባለፈው ሳምንት እኔም ልተወው ብዬ ነበር። ማታ ያጠናሁት ቃል ጠዋት በነርስነት የምሠራበት ክሊኒክ ስደርስ ብን ብሎ ይጠፋል።

ዛሬ ግን አንዲት እናት ከአየር ጤና መጡ። ኩባዊው ዶክተር በአስተርጓሚው በኩል ምን እንደሚያማቸው ጠየቃቸው። አስተርጓሚው በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ ነው። አቀርቅረው «ራሴን ነው» አሉት። እሱም እንዳሉት ተረጎመ፤ ዶክተሩም የራስ ምታት ኪኒን መጻፍ ጀመረ። ደግፌ ላስነሳቸው ስል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ደም አልቆም ብሎኛል። ይህን ለዚህ ልጅ እንዴት ብዬ ልናገር?» አሉኝ።

በአማርኛ ብናገር በሀፍረት ይሞታሉ። በስፓኒሽ ከሆነ ልጁ ቢሰማም እሳቸው መናገሬን አያውቁም። ላብ እያጠመቀኝ ለዶክተሩ «ካቤሳ ኖ! ሳንግሬ! ሙቻ ሳንግሬ!» አልኩት። ራስ አይደለም፣ ደም ነው፣ ብዙ ደም። ሌላው ሁሉ ጠፋብኝና ሆዴን በእጄ አሳየሁት። ዶክተሩ የጀመረውን ወረቀት ቀዶ ወደ መመርመሪያው አልጋ ወሰዳቸው።

አስተርጓሚው ኮሪደር ላይ ጠብቆ «ማን ተርጉሚ አለሽ? በስብሰባ አነሳዋለሁ!» አለኝ።

«አንሳው» አልኩት።

ያንሳው። ማህፀን በስፓኒሽ ምን እንደሚባል ነገ ጠዋት የምጠይቀው ግን እሱኑ ነው።