የሰውዬው መንገድ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6

ባና! ሁለት ባና፣ አንድ በርኖስ፣ የአባባ የሱፍ ካባ። ይህን ሁሉ ተሸክመን ቆቦ ቆላ ወረድን። አሰግድ «ሰሜን ማለት ብርድ ነው» ብሎኝ ነበር። ወይ ባሌ! ተጉለት ላይ በሐምሌ ያለ ባና ማደር መታመም ነው፤ እዚህ ሐምሌ የሚሉት ወር ሌላ ወር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባናዎቹን በሰጡን ጎጆ በር ላይ ለጥላ ሰቀልኳቸው። ለዚያስ ሆኑ።

ከትናንት ወዲያ ነው የገባነው። በጭነት መኪና፣ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን። ደሴን አለፍን፣ ወልዲያን አለፍን፣ ሮቢትን አለፍን። «አሁንስ ምጥዋ ልታስገባኝ ነው?» አልኩት። ቆቦ ላይ ወርደን ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ በእግር ሄድን። ልጃችን ትርንጎ በአባቷ ትከሻ ላይ፣ አባባ (የአሰግድ አባት) ውጅግራ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ እኔ የቀረውን ሁሉ ተሸክሜ።

ለምን መጣን? አዳኞች ነን፤ የሚታደን ጠፋ። የተጉለት ጫካ ተመንጥሮ አለቀ፣ አውሬው ገደል ገባ። የምናርሳትን ቁራሽ መሬት ደግሞ ባለርስቱ ነጥቆ ለአማቹ ሰጠ። እዚህ ከርከሮ ማሽላውን እየፈነቀለ ሰው አስመርሯል፣ አዳኝ ይፈልጋሉ ተባለ። ውሉ ይኸ ነው፦ የከርከሮ ጅራት አምጣ፣ አንድ ቁና ማሽላ ውሰድ። መሬትስ? «እናያችኋለን» አሉ። ሌላ ቃል የለም። መመለሻ እንደሌለን አልነገርናቸውም።

አባባ ይህን ቢያዩ ይገድሉኛል። በእነሱ ቤት አደን ከተጀመረ የአውሬው ስም አይጠራም፣ ከተጠራ ይሰማል ይላሉ። ከርከሮን «ሰውዬው»፣ ወጥመድ መቆፈርን «ማበጀት» ነው የሚሉት። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፣ መጻፍ መጥራት አይደለም ብዬ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 7፣ ሥላሴ

ጎረቤት አገኘሁ። ዘሀራ ትባላለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በምላስ ግን እኩያ ነን። «የውሃ አባት» የሚሏቸው ሽማግሌ የአያ እንድሪስ ሚስት ናት። ለትርንጎ ወተት ይዛ መጣች።

«የላም ነው?» አልኳት። ሰው አገር ነዋ! ቆላ የግመል ወተት እንደሚጠጣ ሰምቼ ነበር።

«የለም፣ የጅብ ነው» አለች። ሳቅን። ከዚያ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ሙቀቱን፣ ዝንቡን፣ ከዘመድ መራቄን ነገርኳት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «አብሽሪ» አለችኝ።

«ዘነበች ነው ስሜ» አልኳት።

ሆዷን ይዛ ተንከተከተች። አይዞሽ ማለት ነው ለካ! ሥራዬ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ነገረች። ከሰዓት ቦኖው ጋ ስሄድ፣ አይ ቦኖ እላለሁ፣ ጉድጓዱ ጋ ስሄድ፣ አንዷ «እንዴት ዋልሽ አብሽሪ» አለችኝ። ስም ወጣልኝ ማለት ነው። ስም የወጣለት ሰው በዋዛ አይባረርም ብዬ ተጽናናሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 8

አሰግድና አባባ ከጎህ ጀምሮ ዱካ ሲከተሉ አርፍደው ደስ ብሏቸው መጡ። ከሰፈሩ በላይ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ፣ የተጠረገ መንገድ አግኝተዋል። ሰፊ፣ ሣር ያልበቀለበት፣ በግራና በቀኝ አፈር የተቆለለበት። የሰውዬው ዱካ ከላይ እስከ ታች። አባባ «ስድሳ ዓመት ሳድን እንዲህ መንገድ ጠርጎ የሚሄድ አላየሁም» አሉ። የዚህ አገር ሰውዬ ባለጸጋ ነው ብለን ሳቅን።

ጥይት ቆጥበን ነው የምንኖረው፤ ስለዚህ ጉድጓድ ነው የሚያዋጣው። አሰግድ ግን ጨዋ ነው፣ ሳያስፈቅድ የሰው አገር አይቆፍርም። አያ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔም ሰምቻለሁ፤

«አያ እንድሪስ፣ ዛሬ የሰውዬውን መንገድ ላበጅ ነው። ይፈቅዱልኛል?»

«ጎሽ! አላህ ይስጥህ! ሰውዬው ሲያስመርረን ነው የከረመ። አብጅ፣ አብጅ።»

ምርቃት ጨመሩለት። እንዲህ ያለ ቀና ሰው! ቀኑን ሙሉ ቆፈሩ። ሰውዬው ወጥቶ ወደ ማሽላው የሚሻገርበትን የአፈር ቁልል ከሥሩ ፈልፍለው፣ አፉን በእንጨትና በቅጠል ሸፈኑት። አሰግድ እጁ ተልጧል። ቅቤ ቀባሁት።

አርብ፣ ሐምሌ 9

ሁለት! በአንድ ሌሊት ሁለት! አንዷ እናት፣ አንዱ ጎረምሳ፣ ጥርሱ እንደ ማጭድ የተቆለመመ። አሰግድ ጅራቶቹን ከፍ አድርጎ ይዞ ሲመጣ ሕፃናት ተከተሉት። ሞላ የሚባል ጎበዝ ገበሬ አለ፣ ማሳው ሰፈሩን ጨርሶ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከርከሮ ከሁሉ በላይ የጎዳው እሱን ነው። ሮጦ መጥቶ አሰግድን አቀፈው። ማሽላውን ራሱ ሰፍሮ፣ ጫፉን ክምር አድርጎ ሰጠን።

አያ እንድሪስ ለጁምዓ ቆቦ ሄደው ነበር፣ አላዩም። ሲመለሱ «ሰማሁ፣ ሰማሁ» እያሉ ሳቁ።

አባባ እንኳ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይህ አገር ሳይቀበለን አይቀርም» አሉኝ። እኔም ጎጆውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ጠረግሁት። እስካሁን እንደ እንግዳ ነበር የማየው። ጥጉ ላይ መደብ ይሠራል ብዬ አሰብኩ። በሩ ወደ ዞብል ተራራ ቢዞር ነፋስ ያገኛል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 10

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እዚህ ጥርት ብሎ ሳለ በላስታ በኩል ጠቆረ። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወደ ላይ ያያል። ዘሀራ እጆቿን ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች። ዝናብ አይመጣም፣ ምንድነው የምትለምኑት? አልኳት። «ዝናብ ማን ፈለገ? ጎርፍ ነው እንጂ!» አለች።

ለካ እነዚህ ሰዎች የሚያርሱት በደጋው ዝናብ ነው። እኛ አገር ጎርፍ ሲመጣ ሰው ይሸሻል፣ እዚህ አካፋ ይዞ ሊቀበለው ይሮጣል። ከወንዙ ይጠልፉታል፣ በቦይ ይመሩታል፣ ከማሳ ማሳ እየተቀባበሉ ያጠጡታል። የውሃ አባት ማለትም ይህን የሚያከፋፍል ነው ለካ። ማሽላቸው የተራበው ይህን የመጀመሪያውን ጎርፍ ነበር።

ጩኸት ተሰማ፣ መጣ መጣ! ሁሉም በየማሳው ቆመ። ውሃው ግን አልመጣም። ላይ ሲያገሳ ይሰማል፣ ታች ጠብ አይልም። አያ እንድሪስ በዚያ ዕድሜያቸው ቦዩን ተከትለው ወደ ላይ ሮጡ። እኛም ከኋላ።

የከርከሮው መንገድ ቦዩ ነበር።

ደረቅ ቦይ አይተን አናውቅም። እኛ አገር ቦይ ውሃ ማስወገጃ ነው፣ ጠባብ ነው። አሰግድ የፈለፈለው ቁልል ተንዶ፣ ጎርፉ በዚያ አፍ ወጥቶ ቁጥቋጦው ውስጥ ተኝቷል። አንድም ማሳ አልጠጣም። አሰግድ አካፋ ይዞ ገባበት፣ ውሃው አንሥቶ ጣለው። ወንዶቹ ጎትተው አወጡት። ሞላ አካፋውን መሬት ላይ ጥሎ «ከከርከሮ አድነህ ለጥም ሰጠኸን» አለው። ትናንት ያቀፈው ሰው ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 11

ማንም ሰላም አላለንም። ዘሀራ አልመጣችም። ትርንጎ «ወተቷ ሴትዮ የታለች?» እያለች ትነዘንዘኛለች። ምን ልበላት?

አባባ ሳይነገራቸው ባናዎቹን ከበሩ አወረዱና ማጠፍ ጀመሩ። «ሰው ሂድ እስኪባል አይቆይም፤ ሂድ ሳይሉት የሄደ ጨዋ ነው» አሉ። አሰግድ መለሰ፣ «የት አባባ? የት?» አባባ ባናውን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

አሰግድ አስፈቅጃለሁ ይላል፣ እውነቱን ነው፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ አያ እንድሪስ ለምን አብጅ አሉት? ቅን ሰው ናቸው፣ ሰው አያጠምዱም። ሳስበው ዋልኩ። አልገባኝም። ተናድጃለሁም፣ አፍሬያለሁም፣ ደግሞም ፈርቻለሁ። ነገ ሸንጎ አለ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 12፣ ሚካኤል

ግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም። የሰፈሩ ገዥ ጭቃ ሹሙም በበቅሎ መጥቶ መሐል ተቀመጠ፤ ወፍራም፣ ትንሽ ነገር የሚያስቆጣው ሰው። ሴቶች ራቅ ብለን ቆምን። ዘሀራ አጠገቤ አልቆመችም።

ሞላ ተናገረ። ማሽላው እንደሚጠወልግ፣ ሌላ ጎርፍ ይምጣ አይምጣ አላህና እግዜር እንጂ ማንም እንደማያውቅ። «አገሩ አይደለም፣ ቦይ አያውቅም፣ ይሂድ» አለ። አልተቆጣሁበትም። እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

አሰግድ ተነሣ። «አጥፍቻለሁ። ግን ሳላስፈቅድ አልቆፈርኩም። አያ እንድሪስ፣ የሰውዬውን መንገድ ላበጅ ስልዎት አብጅ አላሉኝም?»

«ብያለሁ!» አሉ አያ እንድሪስ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «መንገዱን አብጅ አልኩ እንጂ ቦዬን ናደው አልኩህ?»

«የሰውዬው መንገድ እኮ ቦዩ ነው!»

«የምን ቦይ? ሰውዬው በበቅሎ አይደለም እንዴ የሚሄደው?»

«ከርከሮ በበቅሎ ይሄዳል?»

አንድ በአንድ ዓይኑ ሁሉ ወደ ጭቃ ሹሙ ዞረ። ለካ እዚህ አገርም «ሰውዬው» የሚባል አለ፤ ስሙን መጥራት የሚፈሩት፣ የበቅሎዬን መንገድ ጥረጉ እያለ የሚያስመርራቸው ጭቃ ሹሙ ነው! አያ እንድሪስ ፊታቸው አመድ መሰለ።

መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት አሮጊት ናት። ከዚያ ሞላ። ሊይዘው ሞክሮ በአፍንጫው አመለጠው። ከዚያ ማን ይቁም! ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ጭቃ ሹሙ ግራ ቀኝ አየ፣ ቢቆጣ ስሙን ማመኑ ነው፤ እሱም ሳቀ፣ ከጥርሱም ቢሆን። አባባ ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላሉ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ፍርዱ መጣ። አያ እንድሪስ ቆሙ። «ሳቅ ማሽላ አያጠጣም» አሉ። «የሰበርከው ቦይ፣ ከዚህ ግራር እስከ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባንተ ላይ ነው። በየክረምቱ ትጠርጋለህ፣ ሲናድ ትክባለህ። ጎርፍ ሲመጣ ሌሊት ይሁን ቀን ትቆምበታለህ። እስክትሞት ድረስ።»

እስክትሞት! እንባዬ መጣ። የሰው ቦይ ሲጠርግ ዕድሜውን ሊጨርስ ነው አልኩ። ጮክ ብዬ ሳላለቅስ አልቀረሁም። ያኔ ዘሀራ መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ምን ያስለቅስሻል? ቦይ ያለው ሰው ጎርፍ አለው።»

«ጎርፍ ምን ያደርግልኛል!»

«ደንቆሮ! ጎርፍ ያለው ሰው በምኑ ላይ ሊያፈሰው ነው? በራሱ ላይ? መሬት ሳይሰጡ ቦይ የሚሰጡ ይመስልሻል?»

ዞር ብዬ አያ እንድሪስን አየሁ። እያዩን አልነበረም። ለአሰግድ በበትራቸው ወደ ቁጥቋጦው እያሳዩት ነበር፤ ቅዳሜ የጠፋው ጎርፍ ወደ ተኛበት። «ውሃውን ራስህ ወስደኸዋል፣ እንግዲህ መንጥረህ እረሰው» አሉት። ሞላ «ከሁላችን ቀድሞ ጠጣ፣ ሌባ!» አለው። ግን እየሳቀ።

ሚካኤል ነውና ዛሬ አንቆፍርም። ዘሀራና አያ እንድሪስ ድንጋይ ሲያጓጉዙልን ዋሉ። «እኛን ሚካኤል አይከለክለንም፣ እናንተ አክብሩ» አሉን። ተቀምጦ ማየት እንዴት ያሳፍራል!

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 13

ከጎህ ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ክበን ደለደልን። አሰግድ ቆፈረ፣ እኔ አፈር ተሸከምኩ፣ አባባ በእግራቸው ረገጡ። ሞላም መጣ። ሰላም ብሎ ድንጋይ ማቀበል ጀመረ።

ገና አፈሩ ሳይደርቅ ላስታ ጠቆረ። ጩኸቱ መጣ። «ሂጂ ከዚህ» አለኝ አሰግድ፤ አልሄድኩም። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ እንጨትና አረፋ ተሸክሞ እየተንከባለለ ደረሰ። ካቡን መታው። ጥጉ ላይ ትንሽ ተናደ፣ ነጠላዬን አውልቄ አፈር ጠቅልዬ ወተፍኩት። አሰግድ በደረቱ ተደገፈው። ጊዜው አልሄድ አለኝ። ሚካኤልን ጠራሁ፣ ዘሀራ ከወዲያ ማዶ ነቢዩን ትጠራለች።

ቆመ። ካቡ ቆመ! ውሃው በኛ ድርሻ በኩል አለፈ። ከታች ከማሳ ማሳ ድምፁ ተሰማን፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ እያሉ። የመጨረሻው ድምፅ የሞላ ነበር። እንደዚያ ያለ «ደረሰኝ» ሰምቼ አላውቅም። አሰግድ ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ከተጋባን ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ቁጥቋጦው መመንጠር አለበት። በሬ የለንም። ጤፍ አሁን ካልተዘራ ያልፍበታል፣ ዘሩን ከማን እንደምንበደር ገና አላወቅንም። ነጠላዬ ቦዩ ውስጥ ቀርቷል። እጄ ጭቃ ነው፣ ይህን ስጽፍ ወረቀቱ ሁሉ ተበላሸ። ይበላሽ። የእኛ ጭቃ ነው።