አያ ገዳሙ የት ገባ?

ለተከበሩ አቶ ደመላሽ አወቀ
የቀበሌያችን የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ወንበርም ጭምር እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ በማዕከሉ ግቢ ሻይና ሳምቡሳ የምሸጠው የብርጓል፣ ብርዱ ጉልበቴን ትንሽ ከመያዙ በቀር ደኅና ነኝ። ስለ እኔ ጤና ጠይቀው ባያውቁም፣ ሥራ በዝቶብዎት እንጂ ልብዎ ጨክኖ እንዳልሆነ ስለምገምት ሳልጠየቅ መለስኩ።

ጎረቤቴ ወለተ ሰንበት ግን ደኅና አይደለችም። አምና ስትሮክ መቷት ግራ እጇና ምላሷ የተያዘባት፣ በእርስዎ ማዕከል የጨዋታ ክፍል ጥግ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጥ የነበረችው ሴት ናት፤ ያስታውሷታል። እንዲያውም እንዳይረሷት ሆነው ያስታውሷታል ብዬ ነው የምጠረጥር። እጇ መከፈት፣ ምላሷም መፈታታት ጀምረው ነበር። አሁን ሁለቱም ባሉበት ቆመዋል። ልጇ ሶልያና ቅዳሜ ቅዳሜ ከደምበጫ እየመጣች ፀጉሯን ትሠራታለች፤ ባለፈው መጥታ "እትዬ የብርጓል፣ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውል፤ ማን ምን ብሏት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ከማዕከሉ በር ላይ ተለጥፏል፣ ሄደሽ አንብቢው አልኳት። ሄዳ አነበበች። ተመልሳ ምንም አልገባኝም አለች። እንግዲህ የተማረች ልጅ ካልገባት እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ባስረዳ ማን ይቀየመኛል ብዬ ይህንን ጻፍኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በጨዋታ ክፍሉ ጥግ አንድ ያረጀ የቴሌቪዥን ጌም ነበረን። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የሄደ ልጅ ትቶልን ነው። ጌሙ ውስጥ ሳጥን የተሸከመ አንድ ሰውዬ አለ፤ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሲሄድ ይውላል። እንደ ዘንድሮዎቹ ጌሞች ወደ ጠቆሙት ፈትለክ አይልም። መጀመሪያ ባለበት ቆሞ ይዞራል፣ ዞሮ ሲያበቃ ነው የሚራመድ። ዝለል ሲሉት አስቦበት ነው የሚዘል። ይባስ ብሎ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ጊዜ የእሱ ግራ የእኛ ቀኝ ይሆናል፤ ግራውን ሲጫኑለት በራሱ ግራ ይዞርና ከግድግዳ ጋር ይጋፋል። ይህን እርጋታውን አይተን አያ ገዳሙ ብለን ስም አወጣንለት።

እንዴት እንደሚነዳ ያስተማረን የዜማ ተማሪው ዲያቆን ዘመንፈስቅዱስ ነው። ሻይ ሊጠጣ ገብቶ፣ ሁላችንም ግራና ቀኙ ጠፍቶብን ስንጯጯህ ቆሞ አየንና "ቄሱ ሊባርኩ ወደ ሕዝቡ ሲዞሩ ቀኛቸው በእናንተ ግራ በኩል አይደለም እንዴ? ከቄሱ ቦታ ሆናችሁ ንዱት" አለን። ዝላዩንም "መቋሚያው ከመሬት ሲነሣ ነው መጫን፤ እስኪወርድ ከጠበቃችሁ አልፏችኋል" ብሎ በዝማሜ አሳየን። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ የሚጫወተውም የሚያየውም አንድ ላይ ይወዛወዝ ጀመር። ማኅሌት ነው የሚመስል ብለው የሳቁብንም ነበሩ፤ እነሱም ተራ ይዘው ተቀመጡ።

ወለተ ሰንበት የገባችው ዝናብ አባሯት ነው። የሆስፒታሉ ባለሙያ ጣቶቿን እንድታሠራበት ኳስ ሰጥቷት ነበር፤ ኳስ መጭመቅ የእብድ ሥራ ነው ብላ ከአልጋ ሥር ወርውራዋለች። የዚያን ቀን ልጆቹ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አኖሩላት። ከዚያ በኋላ ዝናብ ኖረ አልኖረ ትመጣ ነበር።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ፤ ትዕግሥትዎን አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያዎ "የቀድሞው ጌም የመቆጣጠሪያ አሠራሩ አስቸጋሪ ሆኖ የተጠቃሚዎችን እርካታ የሚጎዳ መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ ከአገልግሎት ውጭ ተደርጓል" ይላል። አማርኛው ያማረ ነው፤ እጅዎን ይባርከው። አስቸጋሪነቱንም አልክድም። አውራ ጣቴ ውኃ ቋጥሮ ያውቃል፤ አያ ገዳሙ አልዞር ብሎኝ ስጣላው ስንት ሳምቡሳ አሮብኛል። ነገር ግን ጥናቱን ያጠናው ማን እንደሆነ ብጠይቅ እስካሁን የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኔ እዚያው ግቢ ጠዋት ገብቼ ማታ የምወጣ ሴት ነኝ፤ እርካታዬን የጠየቀኝ የለም። ወለተ ሰንበትን የጠየቃት የለም። ዲያቆኑንም የጠየቀው የለም። ምናልባት ጥናቱ የተጠናው በአንድ ተጠቃሚ ላይ ብቻ ይሆን ብዬ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ጠረጠርኩ።

ደግሞስ ያ አስቸጋሪነት የጎዳው ማንን ነው? አያ ገዳሙ ፊት የሁላችንም እጅ የታመመ እጅ ነው። ባጃጅ ነጂውም፣ ተማሪውም፣ እኔም ጆይስቲኩን ስንይዝ እኩል እንንቀረፈፋለን፣ እኩል እንወድቃለን። ወለተ ሰንበት ከታመመች ወዲህ ከሰው እኩል የሆነችበት ቦታ ያ ጥግ ብቻ ነው። እንዲያውም ቀስ ማለትን እኛ ገና ስንማር እሷ አምና ጨርሳዋለች። ሦስተኛው ዋሻ ውስጥ ያለውን ጉድጓድ እሷ ብቻ ናት የምትሻገረው፤ እንዴት እንደምትሻገር ግን ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። ስንለምናት በዚያ ባልተያዘው የአፏ ጎን ፈገግ ትልብን ነበር።

ሁለተኛ፣ በምትኩ ስላመጡልን አዲስ የኳስ ጌም ከልብ አመሰግናለሁ። ጣት ሲነካው የሚሮጥ፣ ገና ሳያስቡት የሚገባው ነገር ነው። ወለተ ሰንበት አንዱን ቁልፍ እስክታገኝ ግብ ይቆጠርባታል። ልጆቹ ደግሞ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ አዘኑላት። በረኛቸውን ጥለው ዞር ይሉላት ጀመር። አንድ ከሰዓት እንዲያ ሆነው ሦስት ግብ አስገባችና አጨበጨቡላት። እሷ ግን ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ጆይስቲኩን በቀኝ እጇ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተመለሰችም። አያ ገዳሙ እንዲያ አድርጎ አዋርዷት አያውቅም። እሱ ለማንም አያዝንም፤ ስትወድቅ ወደቀች ነው፣ ስትሻገር ራሷ ናት የተሻገረች። እርካታ የሚሉትን ቃል የጻፈው ሰው ይህን ቢያይ ኖሮ እስክሪብቶው ትንሽ ያመነታ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጊዜው ነው። ከዞን እንግዶች የመጡ ዕለት እርስዎ ከረባትዎን አሳምረው "ይህ የልጆች ነገር ነው፣ እስቲ ላሳያችሁ" ብለው ከወለተ ሰንበት ጎን መቀመጥዎን ግቢው በሙሉ አይቷል። አያ ገዳሙ ያን ዕለት ምን እንደነካው አላውቅም፤ ከዚያው ጉድጓድ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። እርስዎም ከወንበሩ ጋር ወደ ግራ ያዘነብሉ ነበር። ቀጥሎ ተራው የእሷ ሆነና ተሻገረች፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። እሷም በዚያ በተሳሰረ ምላሷ ተግታ ተግታ "አይዞህ... ልጄ" አለችዎ። በቅንነት ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈው በማግስቱ ነው። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ አላልኩም። በማግስቱ ተለጠፈ ነው ያልኩት።

አራተኛ፣ ጌሙ የት ገባ? ዕቃ ከአገልግሎት ውጭ ሲሆን ወደ ግምጃ ቤት ይገባል ሲባል እሰማለሁ። ግምጃ ቤቷን የያዘችውን የኔአለምን ሻይ ስትጠጣ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። "እኔ ጋ ያለው እግሩ የተሰበረ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛና ወንበር ነው፤ ጌም የሚባል አልተረከብኩም" አለች። ተጥሎ ይሆናል ብዬ ቆሻሻ የሚያነሡትን ልጆች ጠየቅኩ፤ አላየንም አሉ። ዕቃ ተንኖ አይጠፋ። ደግሞ ሰሞኑን አውራ ጣትዎን በፕላስተር ጠቅልለው ሳይ አዘንኩልዎት፤ ወረቀት መፈረም እንዲህ እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲሱን ጌም አይውሰዱብን፤ ልጆቹ ይወዱታል፣ ይጫወቱበት። አሮጌውን ግን ወደ ጥጉ ይመልሱልን። የሚያስቸግር ስለሆነ ነው የምንፈልገው። ሶልያና እናቷ ዳግመኛ አንድ ቃል እንድትናገራት በየቅዳሜው እየለመነች ነው፤ እኔም ሻዬን ለብቻዬ ማፍላት ታክቶኛል።

ስላነበቡልኝ፣ ባያነቡልኝም ስለተለጠፈልኝ እያመሰገንኩ፣ ጣትዎ ቶሎ እንዲሽርልዎ፣ የሚቀጥለው ጥናትዎም ከአንድ ሰው በላይ እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ ሥር ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
የብርጓል፣ ከሻይ ቤቱ

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ሻይ ሊጠጣ ለሚመጣ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወላጅ እናትዎ ወለተ ሰንበትን ሊጠይቁ እርጎ ይዘው መጡ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ደግ ሴት ናቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ትንሽ ከተጫወትን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ ምን እንደያዘው አላወቅኩም። ከቢሮ ሲመለስ ጓዳ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ዙር እንጂ፣ ዙር አልኩህ እያለ ይቆጣል። ከማን ጋር ነው ብዬ ብገባ ማንም የለ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሳጥን የተሸከመ ሰውዬ ግድግዳ ይገፋል። ጠበል ልውሰደው ይሆን?" ብለው አማከሩን። እኔ ለጠበል የሚያደርስ እንዳልሆነ፣ ብዙዎቻችንንም ይዞ እንደለቀቀን ነግሬ አጽናናኋቸው። ሰውዬው አያ ገዳሙ ነው አላልኩም፤ በዓለም ላይ ሳጥን የሚሸከም ስንት ሰው አለ።

ወለተ ሰንበት ግን ከግድግዳው ዞረች። ሳቀች። ስንት ጊዜ ሆናት ሳትስቅ። ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ እኔን እንኳ ነፍጋኝ የኖረችውን ለእርስዎ ላከች፦ "ከጉድጓዱ በፊት... ሳጥኑን... አስቀምጦ... ይዝለል በሉት።"

እናትዎ ይረሱት ይሆናል ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት። እንግዲህ ተሻግረው ሲያበቁ ሰውዬውን እስከነሽቦው ይመልሱልን።