የሕፃናትን ጆሮ ያሸቱ የነበሩት አዋላጅ፣ ወይዘሮ ኤልቫ ሁቨር

ወይዘሮ ኤልቫ ዛይሴት ሁቨር ከአባታቸው ከአቶ አሮን ዛይሴትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባርባራ ሊድ በፔንስልቬንያ፣ ላንካስተር አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1951 ተወለዱ። ከአሥራ አንድ ልጆች ሰባተኛዋ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ሁለት ወንድሞቻቸው በየተራ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። የበሽታውን ስም የሚያውቅ አልነበረምና "ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ነሣ" ተብሎ ተቀበሩ። ያኔ ትንሽ ልጅ የነበሩት ወይዘሮ ኤልቫ ግን ሕፃናቱ የተቃጠለ ስኳር ይሸቱ እንደነበር ዕድሜ ልካቸውን አልረሱም።

መኪና ትቶ በፈረስ ጋሪ እንደሚሄደው የክርስቲያን ማኅበራችን ልጆች ሁሉ በባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ተማሩ። በ1973 ከአቶ አይቫን ሁቨር ጋር ተጋቡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ላሞቻቸውን ይዘው መሬት ርካሽ ወደሆነበት ወደ ኒውዮርክ፣ ዬትስ አውራጃ መጡ። አምስት ልጆች ወለዱ። ከ1983 ጀምሮ ጋሪያቸውን ራሳቸው እየነዱ ማዋለድ ያዙ።

በ1990 አንድ ሐኪም በጎረቤት ማዕድ ቤት ሴቶቹን ሰብስቦ የማኅበራችንን ሕፃናት ስለሚገድል አንድ በሽታ አስረዳ። በእናትም በአባትም ደም ተደብቆ ይኖራል፤ የያዘው ሕፃን የጠባው ወተት አንጎሉን ይመርዘዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረሰበት ግን በልዩ ወተት ያድጋል አለ። ወይዘሮ ኤልቫ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ "ሽታ አለው?"

"አለው፤ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፤ ከጆሮው ኩክ ይጀምራል።"

ተነሥተው ወጡና ጋሪያቸው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያዋለዱትን ሕፃን ሁሉ ተረከዙን ወግተው የደሙን ጠብታ በወረቀት ካርድ ላይ አድርገው ለምርመራ ይልኩ ነበር፤ የካርዱ መልስ ግን ቀናት ስለሚፈጅ ጆሮውን ያሸቱ ነበር። ከሸተታቸው በዚያው ሰዓት መኪና ተጠርቶ ወደ ሐኪም ይሮጣል። ወንዶቹ "ኤልቫ መጡ፣ ጆሮህን ታጠብ" እየተባባሉ ይቀልዱ ነበር። በአፍንጫቸው አራት ሕፃናት ተርፈዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ በማርች 2004 የልጃቸው የሊዮን ሚስት ማርሊን የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ወሩ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ ጣፋጭ ውሃ የሚንቆረቆርበት ነው፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያንን ውሃ ወደ ስኳራማ ሽሮፕ ሲያፈላ ሰንብቷል። ወይዘሮ ኤልቫም ከድስቱ ተጠርተው መጡ። ልብሳቸው፣ መጋረጃው፣ የሊዮን ጢም ሳይቀር ስኳር ስኳር ይላል። በማግስቱ የሕፃኑን ጆሮ አሸተቱ። እጃቸውን ታጥበው ደግመው አሸተቱ። "የኔው እጅ ነው" አሉና ካርዱን ብቻ በፖስታ ላኩ። መልሱ በዘጠነኛው ቀን ሲመጣ ሕፃኑ መጥባት ትቶ ነበር። ዊልመር ሁቨር በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈ።

በማኅበራችን ሟች ሳይቀበር ይቅር መባባል ግዴታ ነው። ማርሊንም እጃቸውን ጨብጣ "ይቅር ብዬዎታለሁ" አለች። ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ ማርች ሲመጣ ወይዘሮ ኤልቫ ማዕድ ቤቷ ገብተው "ሸትቶኝ ነበር እኮ፣ ማርሊን" ይሏታል።

"ሻይ ላፍላልዎት፣ እማማ?" ትላለች እሷ።

ማዋለዱን አልተዉም፤ ብቻቸውን ማሽተት ግን ተዉ። ከአራሷ እህት ወይም እናት አንዷን ጠርተው "አንቺም አሽቺው" ይሉ ነበር።

በ2008 የማርሊን ልጅ ሩት አን ስትወለድ መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ደጅ ቆሞ ነበር። እሷም በሽታው ነበረባት፤ በሰዓቱ ስለተደረሰበት ግን አደገች። አያቷ የምትበላውን እየመዘኑ አሳደጓት። ነገር ግን ማወቅ ሌላ፣ ማዳን ሌላ ነው፤ ትንሽ ሕመም እንኳ መርዙን ስለሚቀሰቅሰው፣ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ሁላችንም እጃችንን አጣምረን ቆመን እናያታለን።

ባለፈው ኦክቶበር 6 ቀን 2024 ወይዘሮ ኤልቫ በስትሮክ ተመትተው ንግግራቸው ተዘጋ። ከአምስት ቀን በኋላ ሩት አን ልትስማቸው ጎንበስ ስትል በደህናው እጃቸው አንገቷን ይዘው ጆሮዋን አሸተቱ። ከዚያ ወዲያ አልለቀቁም። ማርሊን "ይልቀቋት እማማ፣ ይደክምዎታል" እያለች ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ልታላቅቅ ሞከረች፤ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ እሷም አሸተተች።

"ሸተተኝ፣ እማማ" አለች። ያኔ እጃቸው ተፈታ።

ለካ ልጅቱ ጉንፋን ይዟት ኖሯል፤ በጭንቀቱ መሐል ማንም ልብ አላለም። በዚያው ሰዓት መኪና ተጠርቶ እናትና ልጅ ሆስፒታል ገቡ። ወይዘሮ ኤልቫ በማግስቱ፣ ኦክቶበር 12 ቀን፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው እነሱ በሌሉበት አረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ አይቫንን፣ አምስት ልጆችንና ሠላሳ አንድ የልጅ ልጆችን ትተዋል። ከእነዚህ አንዷ ሩት አን እስከ ዛሬ ጠዋት ዓይኗን አልገለጠችም። ዊልመር ቀድሟቸዋል፤ ዛሬ ከጎኑ ይቀበራሉ።

ይህን የጻፈችው ምራታቸው ማርሊን ናት፤ ከሩት አን አልጋ አጠገብ ሆና። ቀብሩ ላይ መቆም አልቻለችምና፣ ሃያ ዓመት በሻይ የሸፈነችውን በዚህ ወረቀት ትናገራለች፤ እማማ፣ ያኔ እኔም ሸትቶኝ ነበር። የእርስዎ እጅ መስሎኝ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብቻዎን እንዲሸከሙት ተውኩዎት።

ጌታ ነፍሳቸውን ከትንሹ ልጃችን ጋር ያሳርፍ፤ የቀረነውንም ይማረን።