ፎርማት አይደረግም

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00
ኮምፒውተሩ ዛሬም አልነሳም አለ። ሰማያዊ ስክሪን፣ ከዚያ ጨለማ። አየር ጤና ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ። ቴክኒሻኑ ክዳኑን ሳይከፍት ፎርማት ይደረግ፣ ያለው ሁሉ ይጥፋ አለ። ባለፈው ለድምፁም፣ ለፕሪንተሩም ያዘዘው ይህንኑ ነው። ጥርሱን ቢያመው ጭንቅላቱን ፎርማት የሚያስደርግ ሰው። ይዤው ተመለስኩ።

አንተ ደብተር ቢያንስ ፎርማት አትደረግም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግን የታላቅ እህቴ የእትዬ ጽጌ (እ.ጽ.) የሕይወት ታሪክ ነው። አራት ዓመት ተቀምጣ የተየበችው። ሌላ ቅጂ የለም፤ ፍላሽ ይጠፋል ትላለች። እኔ እንዳላነበው ተከልክያለሁ። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው፤ ስጋቷ ይገባኛል።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00
ዊንዶውስን የሚተካ ነፃ ሲስተም እየመረጥኩ ነው። ሊኑክስ። ለጀማሪ የቱ ይሻላል ብዬ ኢንተርኔት ላይ ብጠይቅ እርስ በርስ ተሰዳደቡ። አንዱ ኡቡንቱ ይላል። ሌላው፣ እሱን የሚመርጥ ጀማሪ ሳይሆን ሰነፍ ነው ይላል። ሦስተኛው ራስህ ገንባው አለኝ። የክረምቱ የጣሪያ ቀዳዳ እንኳ አልተደፈነም፤ ሲስተም ልገንባ!

ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት መረጥኩ። ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ይነሳል። ደጋፊዎቹም ሲሳደቡ አጠር ያደርጋሉ።

ማታ 3፡00
ጦር ኃይሎች አካባቢ ፍላሽ ገዝቼ ሚንትን ጫንኩበት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ተነሳ። ፋይሉ አለ! ከፈትኩት። ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ፤ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ጥያቄ ምልክት። ልክ ያኔ እ.ጽ. ከኋላዬ። ስክሪኑን አየች። እኔን አየች።

«አጠፋኸው አይደል? ማን ንካው አለህ?»

አልነካሁትም አልኩ። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ በጎረቤታችን በወ/ሮ አስካለ በኩል ነው። ራት መቅረቡን የሰማሁት ከአጥር ማዶ ነው።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ፣ ረፋድ
ገባኝ። እ.ጽ. ሃያ ዓመት የመ/ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ዛሬም የምትተይበው በዚያ ዘመን የግዕዝ ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ከላይ የግዕዝ ጭንብል ያጠልቅለታል። ጭንብሉ ፎንት ይባላል። ሚንት ጋ ጭንብሉ የለም፤ ያየነው ባዶ ፊቱን ነው። ፎንቱ ያለው እዚያው፣ በማይነሳው ዊንዶውስ ውስጥ። ቴክኒሻኑን ሰምቼ ቢሆን ታሪኩንም ጭንብሉንም ባንድ ጉድጓድ ይቀብራቸው ነበር።

በአጥሩ በኩል ለማስረዳት ሞከርኩ። እ.ጽ. ዘንድ የደረሰው «ጭንብል» የሚለው ብቻ ነው። ራሱ ያጥልቅ ብላለች።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡00
ፎንቱን ከዲስኩ ቀድቼ ሚንት ላይ ጨመርኩት። ፋይሉን ከፈትኩ። አማርኛ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ገጽ። ለማረጋገጥ ያህል አንድ መስመር ብቻ ልይ አልኩ። ዓይኔ ያረፈበት፦

«ወንድሜ፣ እናታችን ከመሞቷ በፊት የላከችለትን ደብዳቤ በቀይ እስኪብርቶ አርሞ መለሰላት።»

እውነት ነው። ደብዳቤው ሰባት ስሕተት ነበረው።

ሁለት ቅጂ አስቀመጥኩ። እ.ጽ.ን ጠራኋት፤ በአጥር ሳይሆን በስሟ። መጣች። ወንበር ሳበች። አነበብክ ወይ አለችኝ። አንድ መስመር አልኩ። የቱን እንደሆነ አልጠየቀችም። ጠቋሚው «እስክሪብቶ» መባል በነበረበት «እስኪብርቶ» ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለታችንም አየነው።

ውሳኔ፦ ሚንት ከዊንዶውሱ ጎን ይጫናል። ፎርማት አይደረግም። «እስኪብርቶ»ም አይታረም።